ምዕራፍ ስድስት፦ ገና ያልተሠራውን መሣል

እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ሉካስ የተባለ ወጣት ዳይሬክተር ለማስረዳት የሚያስቸግር ፊልም በእጁ ይዞ ነበር። በጠፈር ስለሚደረግ ጦርነት የጻፈውን ድርሰት የሚያነብ ሰው ቃሉን ይረዳል፤ ምስሉ ግን በዓይነ ኅሊናው አይመጣለትም። ስለዚህ ራልፍ መኳሪ የተባለ ሠዓሊ ጠራ። መኳሪ ቀደም ሲል በቦይንግ ኩባንያ የቴክኒክ ንድፍ ሲሠራ የቆየ፣ የአፖሎንም የጨረቃ ጉዞ ለሲቢኤስ ዜና በሥዕል ያስረዳ ሰው ነበር።

በድርሰቱ ውስጥ ዳርት ቬደር የሚባል ክፉ ገጸ ባሕርይ አለ። ሉካስ የፈለገው ጥቁር ልብሱ የሚውለበለብ ረጅም ሰው ነበር። መኳሪ ግን ድርሰቱን ሲያነብ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ይህ ሰው ከአንዱ መንኮራኩር ወደ ሌላው የሚሻገረው አየር የሌለበትን ጠፈር አቋርጦ ነው። ታዲያ በምን ይተነፍሳል? መተንፈሻ ያለው ጭንብል ሣለለት። ጭንብሉ የታሰበው ለዚያች መሻገሪያ ብቻ ነበር፤ ሉካስ ወደደውና የገጸ ባሕርዩ ፊት ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1977 «ስታር ዋርስ» ለሕዝብ ሲታይ ያ ጭንብልና ከውስጡ የሚሰማው ከባድ ትንፋሽ በመላው ዓለም ታወቀ።

ለኮንሴፕት አርት ሙያ የሚዘጋጅ ተማሪ ይህችን ታሪክ ደጋግሞ ሊያስባት ይገባል። መኳሪ ሊሥል የተነሣው የሚያስፈራ ፊት አልነበረም። አንድ ሰው በዚያ ቦታ በሕይወት ለመቆየት ምን እንደሚያስፈልገው ጠየቀ፤ የሚያስፈራው ፊት ከመልሱ ውስጥ ወጣ። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብም ይኸው ነው፦ ኮንሴፕት አርት ማለት በሥዕል የሚሰጥ መልስ ነው። ጥሩ ጥያቄ መጠየቅ ያልለመደ እጅ ደግሞ የቱንም ያህል ቢሠለጥን የሚሰጠው መልስ አይኖረውም።

ሥዕሉ ለማን ነው?

ኮንሴፕት አርት ፊልም፣ አኒሜሽን ወይም የቪዲዮ ጌም ከመሠራቱ በፊት በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች፣ ፍጥረታት፣ ቤቶችና መሣሪያዎች ምን እንደሚመስሉ በሥዕል የመወሰን ሥራ ነው። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ተማሪ ለመቀበል የሚከብደው ነገር እዚህ ላይ ነው። በከሰልና በዘይት ቀለም የለፋበት ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። የኮንሴፕት አርት ሥዕል ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልካች ዘንድ አይደርስም። የሚደርሰው በኮምፒውተር ቅርጹን ለሚያወጣው ሞዴለር፣ እንቅስቃሴ ለሚሰጠው አኒሜተር፣ ልብሱን ለሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ቤቱን በእንጨትና በጄሶ ለሚያቆመው አናጢ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥዕሉን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በሩ በየት በኩል ይከፈታል?» እንጂ «ያምራል ወይ?» አይደለም።

የሙያው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ሜሪ ብሌር ለዲዝኒ «ሲንደሬላ» (1950) እና «ፒተር ፓን» (1953) በሣለቻቸው ትንንሽ ሥዕሎች የመለሰችው የስሜትን ጥያቄ ነው፤ ይህ ትዕይንት በምን ቀለም ይደሰታል፣ በምን ቀለም ያዝናል? ሲድ ሚድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 አርት ሴንተር ከተባለው የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት ተመርቆ በፎርድ ኩባንያ በመኪና ንድፍ ሥራ የጀመረ ሰው ነው። ሪድሊ ስኮት ለ«ብሌድ ረነር» (1982) የጠራው መኪኖቹን እንዲነድፍለት ነበር። ሚድ ግን መኪናውን በባዶ ወረቀት ላይ ብቻውን አላቆመውም፤ የሚሄድበትን ጎዳናና በዙሪያው ያሉትን ሕንፃዎች ጨምሮ ሣለው። መኪና ያለ ጎዳና ትርጉም የለውምና። ዳይሬክተሩ ያንን ሲያይ የሚድን ሥራ ወደ ከተማው ንድፍ አሰፋለት።

በዚሁ ዳይሬክተር «ኤሊየን» (1979) ላይ ደግሞ ሥራው ሆን ተብሎ ተከፋፈለ። የሰዎቹን መርከብ ሮን ኮብ እንደ ጭነት መኪና የሚታመን፣ ቱቦውና መቀየሪያው ሁሉ ሥራ ያለው አድርጎ ነደፈው። የባዕዱን ፍጥረትና የባዕዱን መርከብ ግን የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ሃንስ ሩዲ ጊገር ሠራ። ሁለቱ ዓለማት ከሁለት የተለያዩ እጆች በመውጣታቸው ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው ከአንዱ ወደ ሌላው መግባቱን ያውቃል።

የባልቴቷ ቤት

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ልምምድ አብረን እንሥራ። አንዲት የሥዕል ተማሪ ለአንድ ጌም የሚሆን ይህን ትዕዛዝ ተቀበለች እንበል፦ «ቦታው ብርዳምና ነፋሻማ ደጋ ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ሕዝቡ በግ ያረባል። ተጫዋቹ ሲመሽ አንዲት ባልቴት ቤት ይደርሳል። ቤቱን ከሩቅ አይቶ እዚያ ቢጠጋ እንደሚድን ሊሰማው ይገባል።»

የመጀመሪያው ሥዕሏ ከሌሎች ጌሞች ባየችው የተሞላ ነው። ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት፣ የተቀረጹ አግዳሚዎች፣ ሰፋፊ መስኮቶች። እጇ ጎበዝ ስለሆነ ሥዕሉ ያምራል። ግን ዛፍ በሌለበት አገር ያ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ? ያንን የሚያህል መስኮት ከፍቶ በዚያ ንፋስ ማን ያድራል?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ የለባትም። መንዝን ታስታውስ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚጀምረው የጓሳ ደጋ እንጨት ብርቅ ነው፤ ድንጋይ ግን ሞልቷል። ስለዚህ የቤቱ ግድግዳ የድንጋይ ካብ ነው። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ይህን ሣር የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ሲሆን፣ የሚታጨደውም ሲፈቀድ ብቻ ነው። የማገዶ እንጨት በሌለበት የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበቱም ደርቆ በቤቱ ዙሪያ ይከመራል። ሰዉ የሚሞቀው ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ነው። ሲወጣም አንዱ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ ጉብታ ያለውን ጥቁሩን በርኖስ ይደርባል።

አሁን እያንዳንዱ እውነት ለተማሪዋ የንድፍ መሣሪያ ሆነላት። ሣሩ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ከሆነ የአንዱ ቤት ክዳን ገና ቢጫ፣ የሌላው በዕድሜ የጠቆረ ይሆናል። ባልቴቷ ብቻዋን የምትኖር ከሆነች ክዳኑን የሚያድስላት ስለሌለ የእሷ ቤት ከሁሉም የጠቆረው ነው። የኩበቱ ክምር ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቢደረደር ማገዶም ከለላም ይሆናል። የበርኖሱ ጉብታ ደግሞ ሰውዬው በጭጋግ ውስጥ እንደ ጥላ ብቻ ቢታይ እንኳ የዚያ አገር ሰው መሆኑን ይናገራል።

መንዝን እንዳለ መገልበጥ ግን ዓላማዋ አይደለም። ጌሙ የሚፈልገው ሌላ ዓለም ነው። ከመንዝ የምትወስደው ምክንያቱን ነው፤ ቅርጹን እንደገና ትፈጥረዋለች። በፈጠረችው አገር ነፋሱ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ የሚነፍስ ከሆነስ? ያኔ ቤቱ ነፋስ በሚመታው በኩል እየዘቀዘቀ መሬት የሚነካ፣ በስተኋላው ከፍ የሚል፣ የተኛ በግ የሚመስል ቅርጽ ይይዛል። በሩ በከለላው በኩል ይሆናል። ሲመሽ አገሩ ሁሉ ሰማያዊና ግራጫ ሲሆን ከዚያች በር የሚወጣው የእሳት ብርሃን ብቻ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ትዕዛዙ የጠየቀው ስሜት ከዚህ ይመጣል፤ ማንም በጽሑፍ ሳይነግረው ተጫዋቹ ወደዚያች ብርሃን ይሄዳል።

ሥራው በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሃያ ሠላሳ ንድፎች ትሠራለች፤ ትንንሽ የሚሆኑት በጌጥ እንዳትታለል ነው። ከነሱ ሦስቱን መርጣ በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ ብቻ ታጠራቸዋለች። ዳይሬክተሩ አንዱን ሲመርጥ ወደ ቀለም ትሄዳለች። በመጨረሻም ሞዴለሩ የሚሠራበትን ገጽ ታዘጋጃለች፦ ቤቱ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ፣ አጠገቡ ለመጠን የቆመ ሰው፣ የካቡ ድንጋይ በቅርብ፣ ሣሩ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በቅርብ። ጀማሪ የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ አሠሪ አስተውሎ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

ትልልቅ ፊልሞችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሐና ቢችለር ለ«ብላክ ፓንተር» (2018) የፊልሙን ምናባዊ አገር ዋካንዳን ስትነድፍ የአገሩን ታሪክ፣ አሠራርና አኗኗር የሚዘረዝር 500 ገጽ ያህል መጽሐፍ አዘጋጅታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በፕሮዳክሽን ዲዛይን ኦስካር ስትሸለም በዘርፉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ ሆነች። ያንን ፊልም ያየ ኢትዮጵያዊ ከሽማግሎቹ በአንዱ ከንፈር ላይ ያለውን ገል ሲያይ ሙርሲንና ሱርማን ማስታወሱ አይቀርም። የእኛ አገር ነገር ለዓለም ሠዓሊዎች የምናብ ምንጭ ከሆነ ቆይቷል። በቅርብ የሚያውቀው ሰው ራሱ ቢሥለው ደግሞ ከላይ ከሚታየው ቅርጽ አልፎ ምክንያቱን ማሳየት ይችላል።

ዓይን እንዴት ይሠለጥናል?

ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ መልሱን ወረቀት ላይ የሚያወርድ እጅ ያስፈልጋል። ለዚህ አራት መሠረቶች አሉ።

የመጀመሪያው ፐርስፔክቲቭ ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሐዲድ ቀጥና ደልዳላ በሆነበት ቦታ ቆሞ ወደ ሩቅ ያየ ሰው ሁለቱ ብረቶች እየተቀራረቡ ሄደው በአንድ ነጥብ ሲገናኙ ያያል። ነጥቡ ያለው ሁልጊዜ በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ላይ ነው፤ ሰውዬው ቢቀመጥ ነጥቡም ዝቅ ይላል። በምናቡ ብቻ ያለን ከተማ የሚሥል ሰው ይህን ሕግ እንደ ፊደል ሊያውቀው ይገባል፤ ፎቶ አንስቶ የሚያመሳክርበት ከተማ የለምና።

ሁለተኛው ቅርጽ ነው። ጀበናን በመስመር ዙሪያዋን መሣል ቀላል ነው። ሆዷን እንደ ኳስ፣ አንገቷን እንደ ቧንቧ አድርጎ አስቦ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ማዞር ግን ሌላ ችሎታ ነው። ጀበናን ሳያይ በአሥር አቅጣጫ ማዞር የቻለ ተማሪ ያልተፈጠረ እንስሳንም ማዞር ይችላል። የሰውና የእንስሳት አናቶሚም የሚጠናው በዚሁ ዓይን ነው። የፈረስን ትከሻ የማያውቅ ሠዓሊ የሚፈጥረው ባለ ስድስት እግር ፍጥረት ቆሞ መሄድ አይችልም።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ጥርት ባለ ቀን ከእንጦጦ ቁልቁል የተመለከተ ሰው የቅርቡ ባሕር ዛፍ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሩቁ ተራራ ግን የሣሣ ሰማያዊ ሆኖ ያገኘዋል። ተራራው ሰማያዊ ሆኖ አይደለም፤ በመካከል ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊውን፣ ስለሚበትን ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ የብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት በሦስት ድርብ ቀለም ማሳየት ይችላል።

አራተኛው በአንድ እይታ መነበብ ነው። በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ታላላቅ አስተማሪዎች ናቸው። ጻድቁን በሁለት ዓይን ከፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ከጎን ይሥሉታል። ማንበብ የማይችል ምእመን ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ቆሞ እንኳ ማን የማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። በጌም ውስጥ ወዳጅና ጠላትን በሴኮንድ ክፋይ መለየት ያለበት ተጫዋችም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ገጸ ባሕርዩን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሞልተው ሲያዩት አሁንም ማንነቱ ከታወቀ ንድፉ ጸንቷል ማለት ነው።

ስለ መሣሪያና ስለ ችኮላ

ብዙ ተማሪዎች ቀድመው የሚጠይቁት የትኛውን ሶፍትዌር ልማር ብለው ነው። በስቱዲዮዎች በብዛት የሚሠራበት ፎቶሾፕ ነው። ክሪታ ለዲጂታል ሥዕል፣ ብሌንደር ለሦስት አቅጣጫ ቅርጽ በነፃ ይገኛሉ፤ ዛሬ ብዙ ኮንሴፕት አርቲስቶች ቤቱን መጀመሪያ በብሌንደር በሻካራው አቁመው ከላዩ ላይ ይሥላሉ። እነዚህን መማር የወራት ሥራ ነው። ከላይ ያሉት አራቱ መሠረቶች ግን የዓመታት ሥራ ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ መሠረቱን ዘሎ በብሩሽ ብዛት ያጌጠ ሥዕል በመጀመሪያው ጥያቄ ይፈርሳል። ስለዚህ ታብሌት መግዛት ያልቻለ ተማሪ ወደ ኋላ ቀረሁ ብሎ አይዘን። እርሳስና ደብተር ይዞ በየቀኑ የሚሥል ሰው ከሥራው ዋናውን ክፍል እየሠራ ነው።

ፖርትፎሊዮ፣ ሥራና አዲሱ ስጋት

አሠሪ የሚያየው ፖርትፎሊዮን ነው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑ የተመረጡ ሥራዎች ይበቃሉ፤ የአንዱ ድክመት የዘጠኙን ብርታት ይሸፍናልና ደካማውን ማውጣት ግድ ነው። ገጸ ባሕርይ የሚነድፍ ስቱዲዮ ገጸ ባሕርይ፣ አካባቢ የሚነድፍ ስቱዲዮ አካባቢ ማየት ይፈልጋል፤ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት ከመያዝ አንዱን ጠበቅ አድርጎ ማሳየት ይሻላል። ከተጠናቀቀው ሥዕል ጎን ትንንሾቹን ንድፎችና ለሞዴለር የተዘጋጀውን ገጽ ማስቀመጥም ያስፈልጋል። አሠሪው የሚቀጥረው የተማሪውን አስተሳሰብ ነው፤ አስተሳሰቡ ደግሞ የሚታየው በመንገዱ ላይ ነው።

በአገራችን ዘርፉ ገና ለጋ ነው፤ መሠረት ግን አለው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለትውልዶች እጅና ዓይን አሠልጥኗል። ልጆች የሚወዷት ቀጭኔዋ ፀሐይ፣ «ጀምበር» የተባለው የጀግና ኮሚክ፣ ከመታረድ የምታመልጠው ዶሮ «ኩኩሉ» የሞባይል ጌም፣ ሁሉም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህች ምን ትመስላለች?» ብሎ የወሰናቸው ናቸው። ስሙ ባይጠራም ሥራው ኮንሴፕት አርት ነው።

ስጋቱንም መደበቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሚድጆርኒንና ስቴብል ዲፊውዥንን የመሰሉ ምስል አመንጪ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ተስፋፍተዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሠዓሊዎች ሥራቸውን በሚያሳዩበት በአርትስቴሽን ላይ ተቃውሟቸውን አሰሙ። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ በ«ዶክተር ስትሬንጅ» ላይ የሠራችው ካርላ ኦርቲዝና ሌሎች ሠዓሊዎች ሥራችን ሳንጠየቅ ለማሽን ማሠልጠኛ ዋለ ብለው ክስ መሠረቱ። ሰው ዕድሜውን የሰጠበት ሥራ ሳይጠየቅ ሲወሰድ ዝም ሊባል አይገባውም። ከዚሁ ጋር ተማሪው አንድ ነገር ይያዝ። የሚያምር ቤት በደቂቃ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ያ ቤት ለምን እንዲያ እንደተሠራ ቆሞ የሚመልስ፣ ሞዴለሩ ሲጠይቀው የሚያስረዳ፣ ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ሲቀይር ምክንያቱን ሳያፈርስ ቅርጹን የሚለውጥ ግን ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ነው። ከዚህ በታች የሚቀር ሥዕል ከመጀመሪያውም ለአደጋ የተጋለጠ ነበር።

የዚህ ምዕራፍ ልምምድ

ደብተርና እርሳስ ይዘሽ ሽሮ ሜዳ ሂጂ። አንድ ሸማኔ አስፈቅደሽ አጠገቡ ተቀመጪ። እግሩ በጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን እንዴት እንደሚያፈራርቅ፣ ድሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታሰር፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ በየት በኩል እንደሚያልፍ እዪ። ለውበት አትሣዪ፤ ይህን ዕቃ አይቶ የማያውቅ ሰው ካንቺ ወረቀት ተነሥቶ ሊሠራው እንዲችል አድርገሽ ሣዪ።

ስትጨርሺ ደብተሩን ለራሱ ለባለሙያው አሳዪውና «አባባ፣ በዚህ መሥራት ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ። ምናልባት ጥቂት ትክ ብሎ ያየውና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋል። «ልጄ፣ ይህ ገመድ ከዚህ በኋላ ወዴት ሄደ?» ይልሻል። መልሱን ካላወቅሽ ወደ መቀመጫሽ ተመልሰሽ ገመዱን እስከ መጨረሻው ተከተዪው። አንድ ቀን ከብዙ ሰዎች ጋር በምትሠሪበት ስቱዲዮ ውስጥ ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቅሽ ሞዴለር ይኖራል፤ ያን ጊዜ መልሱ በእጅሽ ይሆናል።